አጭር ልቦለድ ስታነቡ መዝገበ ቃላቱን አታስቀድሙ

መጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስልካችሁ ላይ ያለውንም ጭምር። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብለው አጭር ልቦለድ የሚጀምሩ ልጆች ብዙዎቹ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይቀራሉ። ታሪኩ ከብዷቸው አይደለም። የማያውቁትን ቃል ሁሉ እየፈለጉ፣ ከላዩ አማርኛውን እየጻፉ ሲሄዱ ማን ማንን ምን እንዳለ ይጠፋባቸዋል። ወረቀቱ በእርሳስ ይጠቁራል፤ ስለምን ነው ብትሏቸው ዝም።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ደረቅ ከሆነ ጣና ዳር ዛፍ ሥር፣ ዝናብ ከሆነ በረንዳዬ ላይ። የምናነበው ከሩሲያም፣ ከፈረንሳይም፣ ከሕንድም የመጣ አጭር ታሪክ ነው። ከሩቅ አገር የሆነበት ምክንያት አለኝ። ፈተና ላይ የሚመጣው ምንባብ ስለምታውቁት ሰፈር አይደለም። የማያውቁትን ነገር አይቶ አለመደንገጥም ልምምድ ይፈልጋል።

አንዴ ተቀምጣችሁ የምትጨርሱትን ምረጡ። ለጀማሪ ሁሌም የምሰጠው የአንቶን ቼኾቭን «ቫንካ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ፣ ጥቂት ገጽ ብቻ። የቼኾቭ የቆዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለ የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ማታ ዳታ ሲረክስ አውርዱና ፔዳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙት። ፊደሉ ተለቅ፣ ዳርና ዳሩ ሰፋ ይበል። ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል፣ ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ቴሌግራም አንድ ገጽ በሰላም አያስጨርስም።

የመጀመሪያውን ንባብ ያለማቋረጥ ጨርሱ። ያልገባችሁ ቃል ሥር ነጥብ ብቻ አድርጉና እለፉ። ስትጨርሱ ወረቀቱን ገልብጡና ታሪኩን ለአንድ ሰው ንገሩ፤ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ካልሆነ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። መረዳታችሁን ለማወቅ የምትቀልላችሁ ቋንቋ ትበቃለች። ስትናገሩ «እ... ከዚያ የሆነ ነገር ሆነና» ያላችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። ሁለተኛው ንባብ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ። ቫንካ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ጫማ ሰሪ ቤት ሥራ ሊማር ከገጠር ወደ ሞስኮ ተልኳል፤ ይደበድቡታል፣ ይርበዋል። በገና ዋዜማ ጌቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ተደብቆ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል። አንድ ቦታ ላይ፣ እመቤቲቱ «ሄሪንግ» አጽዳ ብላ ሰጠችው፣ ከጭራው በኩል ጀመረ፣ እሷም ነጥቃ ጭንቅላቱን ፊቱ ላይ ወተፈችበት ይላል። ሄሪንግን የሚያውቅ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ግን ይጸዳል፣ ጭራ አለው፣ ጭንቅላት አለው። የባሕር ዳር ልጅ ዓሣ መሆኑን ለመገመት ምን ይቸግረዋል? ቀረሶና አምባዛ ሲጸዳ እያየ ነው ያደገው። እንዲህ ያለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አትፈልጉት። ዓሣ መሆኑ ይበቃል።

የሚያስቸግረው የምታውቁት የሚመስላችሁ ቃል ነው። እዚያው ታሪክ መጀመሪያ አካባቢ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ግራና ቀኝ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው በ«ላስት» ተሞልቷል። ላስትን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እናውቀዋለን፣ «የመጨረሻ» ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ሥሩ ነጥብ አያደርግም። መደርደሪያ በመጨረሻ ይሞላል እንዴ? ጫማ ሰሪዎቻችን ፎርማ የሚሉት፣ ጫማ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ነው። ደንቤ ይኸው፦ የምታውቁት ቃል ዓረፍተ ነገሩን ትርጉም የለሽ ካደረገው፣ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት እሱ ነው።

ከነጥቦቹ መካከል ስምንት ያህል ምረጡ፤ ሌላውን ተዉት። መለኪያው ቀላል ነው። ቃሉን ብታወጡት ታሪኩ ይጎድላል? ከጎደለ ያዙት። የዛፍና የልብስ ስም አብዛኛውን ጊዜ ይቅር። እያንዳንዱን ቃል በቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፉ። ከፊት ቃሉን ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ፣ ከጀርባ ትርጉሙንና የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር። የራሳችሁ ስል ከሰፈራችሁ፤ ስለ ባጃጅ፣ ስለ እምቦጭ፣ ስለ ታላቅ ወንድማችሁ። ቃሉን ለብቻው በሠንጠረዥ መሸምደድ ለአንድ ቀን ፈተና ይረዳ ይሆናል፣ ከዚያ ግን ብን ይላል።

ካርዶቹን በማግስቱ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ አገላብጧቸው። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና፣ ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ብዙው የሚረሳው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ስለዚህ የማግስቱን አትዝለሉት።

አሁን ጥያቄ። መልሱ ገጹ ላይ ያለውን ዓይነት (ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? አያቱ ምን ይሠራል?) ቶሎ ጨርሱት። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ገጹ ላይ ያልተጻፈው ነው። ቫንካ ሲጨርስ ፖስታው ላይ «ለአያቴ፣ መንደር» ብሎ ይጽፋል። ራሱን ያክና የአያቱን ስም ይጨምራል። ያ ነው አድራሻው። ደብዳቤው ይደርሳል?

አንዱ ልጅ ወዲያው «ቲቸር፣ ይደርሳል እንጂ!» አለ። ወደ ዘጌ ለሚሄድ የጀልባ ነጂ የሰውየውን ስም ነግሮ ቢሰጠው፣ መድረሱ አይቀርም አለ። እውነቱን ነው፣ ለዘጌ። እኛ አገር አድራሻ ማለት ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ የእገሌን ቤት ጠይቅ ማለት ነው። መልሱ ብልህ ነው፤ ግን ከራሱ ሕይወት እንጂ ከወረቀቱ የመጣ አልነበረም። አላረምኩትም። «ከታሪኩ ውስጥ አሳየኝ» ብቻ አልኩት። ተመልሶ አነበበ። ቫንካ ደብዳቤውን የከተተው ሞስኮ መንገድ ላይ ያለ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው። ፖስታውን በየአገሩ የሚያደርሱትም ሦስት ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ላይ ያሉ ሰካራም ነጂዎች ናቸው። አያቱን የሚያውቅ ሰው መሐል ላይ የለም። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ኧረ አይደርስም» አለ።

«ከታሪኩ ውስጥ አሳየኝ» የምትለዋን ለራሳችሁም በሉ። ለእያንዳንዱ መልስ ጣታችሁን አንድ መስመር ላይ አሳርፉ። የሚያርፍበት ካጣ ግምት ነው።

ለሁለተኛ ታሪክ የጊ ደ ሞፓሳንን «የአንገት ጌጡ» (እ.ኤ.አ. 1884) ውሰዱ። እዚህ ከቃላቱ በፊት ቁጥሮቹን ጻፉ። ቀሚሱ 400 ፍራንክ። ጠፍቶ የተተካው ሐብል 36,000። ባል ከአባቱ የወረሰው 18,000። ፍራንኩ በብር ስንት ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ሐብሉ 90 ቀሚስ ነው፤ ውርሱ ግማሹን ብቻ ይከፍላል፤ የቀረው ብድር ነው። ይህን ካሰላችሁ ስለ አራጣና ስለ ብድር የሚመጡት ከባድ ቃላት ራሳቸው መንገድ ይሰጣሉ። አንድ ቁጥር ግን መጨረሻ ላይ ይመጣል። እሱን አልነግራችሁም።

ብቻችሁን የምታነቡ ከሆነ የምትነግሩት ሰው አያስፈልጋችሁም። ታሪኩን በስልካችሁ ድምፅ ቅዱና በሳምንቱ ስሙት። ድምፅን መስማት መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ ይለመዳል።

ለሦስተኛው የራቢንድራናት ታጎር «ካቡሊዋላ» ጥሩ ነው። ከማንበባችሁ በፊት ካቡልና ካልካታን (ዛሬ ኮልካታ የምትባለውን) ካርታ ላይ ፈልጉና በመሐላቸው ያለውን ርቀት ልብ በሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ይህ ከካቡል የመጣ ነጋዴ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ይህን ያህል የሚጫወተው ለምንድን ነው? ስለ መልሱ ፍንጭ የሰጣችሁን መስመር ሁሉ በእርሳስ አስምሩበት።