በአየር የምትዞር የመጀመሪያ ሞዴል ሞተር እንዴት እንደምትሠራ

ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከምድር ባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮችም በእንፋሎት የሚሄዱ ነበሩ። ለብረት ሥራ ጀማሪም ከዚያው ዘር የሆነች ትንሽ ሞተር ትሻላለች። ሲሊንደሯ ራሱ እየተወዛወዘ አየር ስለሚያስገባና ስለሚያስወጣ ቫልቭ አያስፈልጋትም።

የሚያስፈልገው 20×20×40 ሚ.ሜ ነሐስ፣ 10 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው 40×110 አሉሚኒየም፣ 5 ሚ.ሜ ዘንግ፣ ለቮላኖ (ዙሩን ለሚያስቀጥለው ከባድ ጎማ) 60 ሚ.ሜ ክብ ብረትና ሲሊንደሩን አሉሚኒየሙ ላይ የሚጫን ቀጭን ሞላ ነው። ቶርኖ ቤቶችን ቁራጭ ጠይቁ።

አሉሚኒየሙ ላይ ሲሊንደሩ የሚወዛወዝበትን ምሶሶና የክራንኩን (የፒስቶኑን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠውን ክንድ) ዘንግ ቀዳዳ 50 ሚ.ሜ አራርቁ። ሁለቱንም ከትራፓኖው ጠረጴዛ ሳታነሱ ብሱ፤ አንዱ ካጋደለ ሞተሯ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ትይዛለች። ፒስቶኑ የሚያያዝበት የክራንኩ ፒን ከዘንጉ መሃል 10 ሚ.ሜ ይራቅ።

ሞተሯን ሞተር የሚያደርጋት የአየር ቀዳዳዎቹ ልኬት ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከምሶሶው 15 ሚ.ሜ ከፍ ብሎ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ወደ ግራና ቀኝ 3 ሚ.ሜ ይሄዳል። ስለዚህ አሉሚኒየሙ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል መስመሩ 3፣ 3 ሚ.ሜ ይራቁ። ሦስቱም 2.5 ሚ.ሜ ይሁኑ፤ ከ3 ከበለጡ ሲሊንደሩ መሃል ላይ ሲደርስ አየሩ በቀጥታ ሾልኮ ይወጣል። የምሶሶውን ብሎን ፊሌቶ (ጥርስ) ከ4 ሚ.ሜ በላይ አታስገቡት፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ 5 ሚ.ሜ ብቻ ነው።

ሲሊንደሩን በ9.8 በስታችሁ የአየር ቀዳዳውን ካወጣችሁ በኋላ በ10 ሚ.ሜ ሪመር (የተበሳን ቀዳዳ በልኩ በሚያስተካክል መቁረጫ) ጨርሱ፤ ሪመሩ ከቀደመ የቀዳዳው ሾጣጣ ጠርዝ ፒስቶኑን ይጭራል። የላይኛውን አፍ በ3 ሚ.ሜ ክዳንና በወረቀት ጋስኬት ዝጉ። ፒስቶኑን ከቶርኖ እንደወጣ በትኩሱ አትለኩት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። ዘይት ቀብታችሁ የአየር ቀዳዳውን በጣት ደፍናችሁ ፒስቶኑን ስባችሁ ልቀቁት። ወደ ውስጥ ተመልሶ ከገባ ጥሩ ነው፤ ባለበት ከቀረ ያፈሳል።

የሲሊንደሩንና የአሉሚኒየሙን የሚነካኩ ሁለት ገጾች መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት፣ በ400 ከዚያም በ800፣ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ አሹ። በማርከር ቀቡትና ቀለሙ እኩል እስኪጠፋ ቀጥሉ። ከዚያ አቧራ አታስነኩት፤ የድሬ ነፋስ የሚያመጣት አንዲት አሸዋ ገጹን ትቧጭራለች።

ጎሚስታ ቤት ስትሞክሩ ግፊቱን በሬጉሌተር ወደ 1 ባር አውርዱ። ቮላኖውን በጣት ገፋ አድርጉት፤ በራሷ አትነሳም። በሚነካኩት ገጾች መሃል አየር ሽው ካለ ሞላውን ትንሽ አጥብቁ፣ ከከበዳት አላሉት። የአየር ቱቦውን ከአሉሚኒየሙ አንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላኛው ብታዛውሩት ወደ ኋላ ትዞራለች።