ሳብ መድረክ ስር ስታስገቡ

ጥር ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ሳውንድ የሚሠራ ሰው እንቅልፍ የለውም። ሠርጉ ይደራረባል፣ ጣና ዳር ያሉት የሆቴል ግቢዎች ይሞላሉ። ዲኮር የሚሠሩት ልጆች ደግሞ ገና ኬብል ሳንዘረጋ ይመጣሉ። «ወንድሜ፣ ይሄን ጥቁር ሳጥን ከፊት አንሳልን፣ ፎቶ ያበላሻል።» ሳጥኑ ሳቡ ነው፤ ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር። የት ይሂድ? መድረክ ስር።

እኔ በዚህ አልጣላም። እንዲያውም ሳቦቹ መሃል ላይ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ቤዙ ለታዳሚው የተሻለ ይዳረሳል። ግራና ቀኝ ስትከፍሏቸው መሃል የተቀመጠው እንግዳ ደረቱ ይመታል፣ ሁለት ጠረጴዛ ፈቀቅ ያለው ግን «ቤዝ የለም እንዴ?» ይላል። ከሁለቱ ወገን የሚመጣው ድምፅ በተለያየ ሰዓት ስለሚደርሰው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስትደረድሩ ከአንዱ ሳብ መሃል እስከ ሌላው መሃል ከ1.7 ሜትር አይብለጥ። ይሄ እስከ 100 ኸርዝ ድረስ በቂ ነው (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል)።

ጣጣው ያለው ላይ፣ ሙዚቀኞቹ ጋ ነው። ዘፋኙ ከሳቡ 1.5 ሜትር ላይ ቆሟል እንበል። እንግዳው 12 ሜትር ላይ ነው። ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቀንሳል። ስለዚህ ዘፋኙ ከእንግዳው 18 ዴሲቤል የበለጠ ቤዝ ይሸከማል፣ ማይኩም አብሮት።

ቤዝ ወደ መድረክ የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው፤ በእንጨቱና በአየሩ። ብዙ ልጆች ገና አንድ ነገር ሲያጉረመርም ወደ ሚክሰር ይሮጣሉ። እኔ መጀመሪያ እንጨቱን፣ ቀጥሎ አየሩን፣ ሚክሰሩን መጨረሻ ላይ ነው የምነካው። የእንጨቱ ሥራ ገንዘብ አይፈልግም፣ ጉልበት ብቻ ነው።

ከብረት ፍሬምና ከኮምፔንሳቶ የተሠራ መድረክ ውስጡ ባዶ ነው፤ ትልቅ ከበሮ በሉት። ሳቡ ወለሉን ወይም የፍሬሙን እግር ከነካ መድረኩ ራሱ መጮህ ይጀምራል። የማይክ ስታንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ማይኩ ያንን ይሰበስባል፣ መልሶ ለሳቡ ይሰጠዋል። ያ «ኡኡኡ» የሚለው ዝቅ ያለ ፌድባክ አንዱ ምንጩ ይሄ ነው። ስለዚህ ሳቡ መሬት ላይ ይቀመጥ። ከላዩ ከመድረኩ ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከፍሬሙ እግሮችም እንዲሁ። ሳሩ ረጥቦ ከሆነ ጠንካራ ጣውላ ከስር አንጥፉ፣ በጣውላውና በሳቡ መካከል የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ጣል አድርጉ። ሐይቁ ዳር ያለው መሬት በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ኬብልና ሶኬት መሬት ላይ እንዳይተኛ።

ከዚያ መድረኩ ላይ ውጡና በእግራችሁ ደብደብ አድርጉ። የሚንኳኳ ወለል፣ የላላ ብሎን፣ እግሩ መሬት ያልነካ ፍሬም ካለ ይሰማችኋል። ሽብልቅ አስገቡ፣ ብሎኑን አጥብቁ። ለማይክ ስታንዶች ስፖንጅ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ከእግራቸው ስር ይግባ።

አሁን ወደ አየሩ። ሳብ ወደፊት ስለዞረ ወደፊት ብቻ የሚጮህ ይመስላችኋል። አይደለም። የ50 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው። ለእሱ የሳቡ ሳጥን ትንሽ ነገር ስለሆነች ዙሪያዋን ጠምዞ ይሄዳል። ከኋላም ከፊትም ሊመጣጠን ምንም አይቀረውም።

ስለዚህ ሳቡን ወደ ውስጥ አትግፉት። የሳቡ ፊት ከመድረኩ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ከስር ያለው ባዶ ቦታ የራሱን ድምፅ ይጨምራል፣ ቤዙ እንደ ጭቃ ይሆናል። ከፊት የሚሸፍነውም ስስ ጨርቅ ብቻ ይሁን። ዲኮሮቹ ኮምፔንሳቶ ቀጥቅጠው አበባ ሊለጥፉበት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ አልሸነፍም! ሳቡ መውጫ ካጣ ጉልበቱን በሙሉ ወደ መድረኩ ነው የሚመልሰው።

አራት ሳብና ለብቻው የሚስተካከል የአምፕሊፋየር ቻናል ካላችሁ ደግሞ ካርዲዮይድ ሞክሩ፤ ቤዙን ወደፊት ልኮ ከኋላ የሚያጠፋ አደራደር ነው። ሁለቱ የመድረኩ የፊት ጫፍ ላይ ይሁኑ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ እዚህ ላይ ብቻ፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ፣ እነሱም ፊታቸውን ወደ ታዳሚው አዙረው። የኋለኞቹን ፖላሪቲ ገልብጡና (የፊተኞቹ ሲገፉ እነሱ እንዲስቡ) 2.9 ሚሊ ሰከንድ ዲሌይ፣ ማለትም መዘግየት፣ ስጧቸው። ድምፅ አንድ ሜትር የሚሄድበት ጊዜ ነው። የፊተኞቹ ድምፅ ወደ ኋላ ሲመጣ የኋለኞቹ ተገልብጠው ይጠብቁትና ያጠፉታል። ወደፊት ግን ይደጋገፋሉ፣ በተለይ 85 ኸርዝ አካባቢ። ርቀቱን 1.2 ሜትር ካደረጋችሁት ዲሌዩ 3.5 ይሆናል፣ የሚደጋገፉበትም ወደ 70 ኸርዝ ይወርዳል። ለዘመናዊ ሠርግ ሙዚቃ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ስሌቱ አይለወጥም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይለወጥም። የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው ሙቀት እንጂ ከፍታው አይደለም። በቀኑ ሙቀትና በማታው ቅዝቃዜ መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ርቀት ላይ የሚታይ አይደለም።

ካርዲዮይድ ተአምር እንዳይመስላችሁ። የሚያጠፋው በደንብ ከኋላ ነው፤ ድራመሩና ቤዝ ጊታሪስቱ ይመርቋችኋል። ከላይ ቀጥታ የቆመው ዘፋኝ ግን ያን ያህል አያርፍም። የእሱን ማይክ ከመድረኩ ጫፍ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡት። የመድረኩ ጀርባም ክፍት ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ይሁን። ግንብ ተደግፎ የተሠራ መድረክ ከሆነ ቤዙ ከግንቡ ይመለሳል፣ ስሌቱም ይበላሻል። ደግነቱ ሐይቁ ዳር ብዙ ቦታ መድረኩ ጀርባውን ለውሃው ይሰጣል። ከኋላ የሚያስቸግር ግንብ የለም።

መሥራቱን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ብቻ ያለበት ነገር አጫውቱና ድራሙ ጋ ቁሙ። ረዳታችሁ የኋለኞቹን ሳቦች ያጥፋ፣ ያብራ። ሲበሩ መድረኩ ላይ ቤዙ መቀነስ አለበት። ከጨመረ ፖላሪቲው ሳይገለበጥ ቀርቷል ወይም አንዱ ኬብል ተሳስቷል። የስልክ አፕ ላይ አትመኩ፤ የብዙ ስልኮች ማይክ ዝቅተኛውን ድምፅ በደንብ አይሰማም።

ሚክሰር ላይ የቀረው ትንሽ ነው። ሳቡን በተለየ ኦክስ (ከሚክሰሩ ለብቻው በሚወጣ መስመር) ላኩትና ኪክ፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድና ከበሮ ብቻ ይግቡበት። የዘፋኞች ማይክ በሙሉ ከ120 ኸርዝ በታች ይቆረጥ። ማሲንቆና ዋሽንት ከ100 በታች። ሳብ ውስጥ ምንም ጉዳይ የላቸውም። ማሲንቆ የሚመታው ጋሼ «ቀጠነብኝ» ካሉ ሞኒተራቸው (ራሳቸውን የሚሰሙበት ስፒከር) ላይ መሃለኛውን ጨምሩላቸው እንጂ ታችኛውን አትመልሱ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከበሮው ነው። ሆዱ ባዶ፣ ቆዳው የተወጠረ ስለሆነ ሳቡ ሲመታ ማንም ሳይነካው ይንጎራጎራል፣ ማይኩ ፊቱ ላይ ተደቅኗል። ከሳቦቹ በላይ አይቁም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይሂድ። ማይኩን ቅርብ አድርጉና ጌት አስገቡበት፣ በማይመታበት ሰዓት እንዲዘጋ።

ቤዝ ጊታሪስቱ ደግሞ «ራሴን አልሰማም» ሊል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ቤዝ አጥቶ ሳይሆን በቤዝ ተውጦ ነው። ሞኒተሩ ላይ ከ100 በታች ያለውን ቁረጡለት፣ ከ700 እስከ 1,000 ኸርዝ ያለውን ከፍ አድርጉ። የጣቱን ምት ሲሰማ አምፑን ራሱ ይቀንሳል።

በመጨረሻም፣ እስክስታው ሲጀመር መድረኩ የሚሸከመው ሳውንድ ቼክ ላይ ያልነበረ ክብደት ነው። ብሎን ይላላል፣ ሽብልቅ ይሸሻል። ለእራት ዕረፍት ሲሆን ባትሪ ይዛችሁ ከስር ግቡ፣ ያን አንድ ስንዝር ክፍተት እዩ፣ ብሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ። ልጆች ከገቡም እግረ መንገዳችሁን አስወጧቸው።