ጭሱ ሰፈር ሳይሞላ እንጀራ ለመጋገር

ከማድቤት የወጣ ጭስ ጠፋ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ይተኛል። ከላይ ያለው ሞቃት አየር ደግሞ ጭሱን እንደ ክዳን አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ እኔ የምጋግረው ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ ረፋድ ላይ ነው።

ዋናው ግን ማገዶው ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ከእሳቱ ጭሱ ይበዛል። ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ ጠንከር ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ቀጠን አድርጋችሁ ፍለጡት፣ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ምድጃውን አትጠቅጥቁት፣ እሳት አየር ይፈልጋል። ፌስታልማ በፍጹም! ለማቀጣጠያ ጭራሮ ይበቃል።

በሦስት ጉልቻ የምትጋግሩ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ግዙ፤ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስትጨርሱ ትርኳሹን አውጥታችሁ አፈር ውስጥ አጥፉት፤ እየጨሰ አይዋል።