ሚዲያ ኩዌሪ አልሠራ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሚዲያ ኩዌሪ የድረ ገጽን አቀማመጥ እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚቀይር የሲኤስኤስ (የገጽ ስታይል ቋንቋ) ደንብ ነው። ስክሪኑ ሲጠብ ገጹ ካልተስተካከለ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚነካው የብሬክፖይንቱን (አቀማመጡ የሚቀየርበትን ስፋት) ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ጥፋተኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ከመንካትዎ በፊት በብራውዘሩ ኢንስፔክተር (የገጹን ኮድ በሚያሳየው መሣሪያ) ኤለመንቱን መርጠው ስታይሉን ይዩ። ደንቡ ጭራሽ ከሌለ ኩዌሪው አልተነሳም፤ ኖሮ በላዩ መስመር ከተሰረዘበት ሌላ ደንብ በልጦታል።

ምልክት፦ ኮምፒውተር ላይ መስኮቱን ሲያጠቡ ይሠራል፣ ስልክ ላይ ግን ገጹ በሙሉ ተኮማትሮ ይታያል።
የቪውፖርት (ገጹ የሚታይበት ቦታ) ሜታ ታግ ተረስቷል። ያለ እሱ አብዛኞቹ የስልክ ብራውዘሮች ገጹን በ980 ፒክሰል ስፋት ሠርተው ያሳንሱታል፤ ለ600 ፒክሰል የጻፉት ደንብም አይደርሰውም። ታጉን በኤችቲኤምኤሉ ሄድ ክፍል ውስጥ ያስገቡ፤ ዊድዝን ዲቫይስ-ዊድዝ፣ ኢኒሻል-ስኬልን 1 ያድርጉ።

ምልክት፦ ደንቡ አለ፣ ግን ተሰርዟል።
ሚዲያ ኩዌሪ ለሰሌክተሩ (ደንቡ የትኛውን ኤለመንት እንደሚነካ ለሚናገረው ክፍል) ተጨማሪ ክብደት አይሰጠውም። እኩል ክብደት ካላቸው ከታች የተጻፈው ያሸንፋል፤ ስለዚህ ኩዌሪዎቹ ከመሠረታዊው ስታይል በታች ይሁኑ። ሚን-ዊድዝን (ከዚህ ስፋት ጀምሮ የሚለውን) ከትንሽ ወደ ትልቅ (480፣ 768፣ 1024)፣ ማክስ-ዊድዝን (እስከዚህ ስፋት የሚለውን) ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርድሩ። በኢምፖርታንት (ደንቡን ከሌሎች በላይ በሚያደርገው ቃል) ማስገደድ ግን ቀጣዩን ብሬክፖይንት ያፍነዋልና አይሞክሩት።

ምልክት፦ ልክ 768 ላይ ሁለቱ አቀማመጦች ይደባለቃሉ።
ማክስ-ዊድዝ 768 እና ሚን-ዊድዝ 768 ሁለቱም ቁጥሩን ራሱን ያካትታሉ። የመጀመሪያውን 767 ማድረግ የተለመደ ነው፤ ዙም ሲደረግ ግን እንደ 767.5 ያለ ስፋት ይፈጠርና ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። 767.98 ይጻፉ። አዳዲስ ብራውዘሮችን ብቻ የሚደግፉ ከሆነ «ዊድዝ < 768 ፒክሰል» የሚለው አጻጻፍ ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ለማንበብም ይቀላል።

ምልክት፦ ደንቡ በየትኛውም ስፋት አይነሳም።
«ኤንድ» ከሚለው ቃል በኋላ ክፍት ቦታ መኖሩን ይዩ፤ ቅንፉ ከተጣበቀ ኩዌሪው ይሰናከላል። በቅንፉ ውስጥ የሲኤስኤስ ቫሪያብልም አይሠራም፤ ቁጥሩን በቀጥታ ይጻፉ።

ምልክት፦ በኢኤም (በፊደል መጠን በሚለካ አሃድ) የተጻፈው ብሬክፖይንት ካሰቡት ስፋት ውጭ ይነሳል።
ኩዌሪው የሚያባዛው በብራውዘሩ መነሻ የፊደል መጠን ነው። ኤችቲኤምኤሉ ላይ 62.5% ቢያደርጉም አይሰማውም፤ መነሻው 16 ፒክሰል ከሆነ 48 ኢኤም 768 ፒክሰል ነው።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ሳለ በጠባብ ሳይድባር ውስጥ ያለ ካርድ ብቻ ከተጨናነቀስ? ሚዲያ ኩዌሪ የሚለካው ቪውፖርቱን እንጂ ሳይድባሩን አይደለም። ለሳይድባሩ ኮንቴይነር-ታይፕን ኢንላይን-ሳይዝ አድርገው የካርዱን ደንብ በኮንቴይነር ኩዌሪ (ካርዱን የያዘውን ሳጥን ስፋት በሚለካው) ይጻፉ።