ልጆችን በቤት ውስጥ በተግባር ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ባለው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ክረምት ልጆች አብዛኛውን ቀን ቤት ውስጥ ስለሚያሳልፉ፣ ወላጆች በእጅ እየተሠሩ የሚያዝናኑና የሚያስተምሩ ነገሮችን መፈለጋቸው የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ በጥሩ ሐሳብ የተጀመረ ሥራ ልጁን ቶሎ ሲያሰለቸው ይታያል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ከአዋቂው አያያዝ የሚመጣ ነው።

መሣሪያ ካልተገዛ ትምህርት የለም ብሎ ማሰብ በቀላሉ የሚታረም ስህተት ነው። አንድ ጣሳ ባቄላ ለመደመርና ለመቀነስ፣ የገበጣ ጉድጓዶች እኩል ለማካፈል፣ ስኒና ብርጭቆ ለመስፈር ይበቃሉ። በእህል መጫወት ነውር ነው የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ስጋቱ ተገቢ ስለሆነ፣ የተቆጠረው ባቄላ በኋላ ታጥቦ ንፍሮ እንደሚሆን ለልጁ አስቀድሞ መንገር ይበጃል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት መልሱን ከሙከራው በፊት መናገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ጥቂት ውኃ በሳህን ሆኖ ደጅ ቢያድር፣ ጠዋት በላዩ ስስ በረዶ ሠርቶ ሊገኝ ይችላል። በረዶው እኩል ለሁለት ተከፍሎ በየፌስታሉ ይቋጠርና አንዱ ባዶ ሳህን ላይ ይቀመጥ፤ ሌላው ከመንዝ በግ ጠጉር በተሠራ ባና ይጠቅለል። ከዚያም የትኛው ቀድሞ እንደሚቀልጥ ልጁ ይጠየቅ። ባና የሚያሞቅ ነገር መሆኑን ስለሚያውቅ «የተጠቀለለው» ቢል አያስገርምም። በዚህ ጊዜ አዋቂው ዝም ማለት አለበት። ባዶው ሳህን ላይ ያለው ቀድሞ ውኃ ሲሆን፣ የተጠቀለለው ግን ገና በረዶ እንደሆነ ልጁ በራሱ እጅ ገልጦ ሲያገኘው፣ ባናው ራሱ ሙቀት እንደማይፈጥርና በጠጉሩ መካከል የተያዘው አየር ሙቀት ቶሎ እንዳያልፍ እንደሚያግድ ማስረዳት ቀላል ይሆናል። ማብራሪያው ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ ገልጦ የማየት ጉጉት ባልኖረው ነበር።

በአንድ ሙከራ ብዙ ነገር መለወጥም እንዲሁ ያሳስታል። ሊጥ በሙቀት ቶሎ ኩፍ እንደሚል ለማሳየት ታስቦ፣ አንዱ ብርጭቆ እርሾ በዝቶበት ምድጃ አጠገብ፣ ሌላው እርሾ አንሶበት በር ሥር ቢቀመጥ፣ ልዩነቱ የእርሾው ይሁን የሙቀቱ መለየት አይቻልም። ትክክለኛው አሠራር ከአንድ ቡሃቃ የተቀዳ እኩል ሊጥ በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች አድርጎ፣ የመነሻውን ከፍታ በክር አስሮ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሊጡ ከክሩ ምን ያህል እንዳለፈ ማየት ነው። ሲያበቃ ሊጡ ወደ ቡሃቃው ይመለሳል።

ለሌላ አገር የተዘጋጀን ሙከራ እንዳለ መገልበጥ ሌላው ስህተት ነው። በአውሮፓ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ደብረ ብርሃን ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ ስለማትርቅ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ግድም፣ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ ስለዚህ የቀትር ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ግቢ ውስጥ ዘንግ ተክሎ፣ ከ6 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ጥላው እጅግ በሚያጥርበት ጊዜ ጫፉ ላይ ድንጋይ የሚያስቀምጥ ልጅ፣ ወራቱ ሲያልፉ ይህን ራሱ ይደርስበታል። ውኃም ቢሆን በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ወለል ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ባቄላ ከሸዋ ሮቢት ይልቅ እዚህ ለመብሰል ይዘገያል።

በጥንቃቄ ጉዳይ ላይ ቸልታ ፈጽሞ አይፈቀድም። ብርድ ነው ተብሎ የከሰል ማንደጃ ወደ ተዘጋ ክፍል ማስገባት፣ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ ሳይታወቅ ሕይወት ያጠፋል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጥራጥሬ መስጠት ያንቀዋል፤ አፍንጫ ውስጥ የገባ ባቄላም እርጥበት ስቦ ያብጣል። ያማረ መልክ ያለው የጉሎ ፍሬ መርዛማ ስለሆነ ለቆጠራ መዋል የለበትም።

በመጨረሻ የትዕግሥት ጉዳይ አለ። ልጁ ሲያበላሽ እጁን ይዞ መሥራት፣ ወይም ሥራውን ወደ ፈተና ቀይሮ «ይህ ምንድን ነው? ያስ?» እያሉ ማፋጠጥ፣ ሥራውን ከልጁ መቀማት ነው። በደጋው ቅዝቃዜ ባቄላ ለመብቀል ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ በሦስተኛው ቀን አፈሩን ቆፍሮ ማየት የሚፈልግ ልጅ ሊቆጡት አይገባም። ይልቁንም አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ያደሩ ፍሬዎች በብርጭቆው ግድግዳና በእርጥብ ጥጥ መካከል ቢቀመጡለት ሳይቆፍር በየቀኑ ማየት ይችላል፤ አንዱ ፍሬ ተገልብጦ ከተቀመጠም፣ ሥሩ ታጥፎ ወደ ታች ሲያድግ ቀን በቀን እየሣለ ሊከታተለው ይችላል።