ላብ የማያፈርሰው የኪስ (KISS) ባንድ የፊት ቀለም

የኒውዮርኩ ሮክ ባንድ ኪስ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካን እየዞረ ሲጫወት አባላቱ ፊታቸውን የሚቀቡት ራሳቸው ነበሩ። የባንዱን ዘፋኝና ጊታሪስት የፖል ስታንሊን ኮከብ ለመሥራት ፀጉርዎን ወደ ኋላ ይሰሩና በቀኝ ዓይንዎ ዙሪያ ኮከቡን በጥቁር የዓይን እርሳስ ይንደፉ። ቅባትነት ያለውን ነጭ ቀለም በስፖንጅ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ የኮከቡን ውስጥ ግን ባዶ ይተዉት። ጥቁሩ ነጩ ላይ ከተደረበ ይቀላቀልና አመድ ይመስላል። ከዚያ ፓውደር መታ መታ ያድርጉበት። ይህን የዘለለ ሰው ገና በሁለተኛው ዘፈን ቀለሙ አገጩ ላይ ይወርድበታል። ጥቁሩ መጨረሻ ይሞላል። ሲያስለቅቁ ቫዝሊን ይጠቀሙ፤ ውሃ ብቻውን አይረባም። ፀጉርዎ ላይ ስፕሬይ ከነፉ ደግሞ እሳት አጠገብ አይድረሱ፤ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጂን ሲመንስ ለትርኢት ከአፉ እሳት ሲተፋ ፀጉሩ መድረክ ላይ ተቀጣጥሏል።