ቀንና ሌሊት ለሚሮጡ የጣና ዳር ሯጮች፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መፍትሄው

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ አልትራ ማራቶን ይባላል፤ 50፣ 100፣ አንዳንዱም 160 ኪሎ ሜትር። መንገዱ አስፋልት ሳይሆን የእግር መንገድ፣ ጫካና የማሳ ዳር ሲሆን ቀኑ አይበቃም፣ ሌሊቱም ይጨመርበታል።

በአጭር ሩጫ ችግሩና መነሻው ጎን ለጎን ናቸው። በአልትራ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚጥላችሁ ነገር ብዙ ጊዜ የተጀመረው ቀን 7 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ምልክት ሲመጣ ያለፉትን አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ሰዓታት መለስ ብላችሁ አስቡ። ምን በላሁ? ምን ያህል ጠጣሁ? በምን ፍጥነት ሮጥኩ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አለ።

ሆድ አልቀበልም ሲል

እኩለ ቀን አለፍ ሲል ማቅለሽለሽ ይጀምራል። ሙዙ አፍ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። ብዙ ሰው "የበላሁት ነገር ነው" ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍጥነቱንና ሙቀቱን ነው። ስንሮጥ ደም ወደ እግር ጡንቻ ይሄዳል። ሲሞቅ ደግሞ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይሄዳል። ለጨጓራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ ሲከር ይሄ ቶሎ ይመጣል።

መፍትሄው ሩጫውን ትቶ መራመድ ነው። ጥላ ፈልጉ። ራስና አንገት ላይ ውሃ አፍስሱ። ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ምንም አትጉረሱ፤ ከዚያ በየጥቂት ደቂቃው አንድ አንድ ጉንጭ ብቻ ውሰዱ። የዝንጅብል ሻይ ካለ ጥሩ ነው። ማስመለስ ብቻውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ብዙዎች ካስመለሱ በኋላ ቀለል ብሏቸው ይቀጥላሉ። የገባ ሁሉ የሚወጣ ከሆነና ውሃም እምቢ ካለ ግን ማቆም ያስፈልጋል።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ እኛ የታደልን ነን። ለረጅም ሩጫ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይይዛል። ከውጭ የሚመጣ ጄል (ሯጮች እየሮጡ የሚውጡት ወፍራም ጣፋጭ ምግብ) ካላገኛችሁ አትጨነቁ። በማርና በትንሽ ጨው የተበጠበጠ በሶ ሥራውን ይሠራል። የተቆላ እህል ስለሆነ ዱቄቱ ቦርሳ ውስጥ በሙቀት አይበላሽም፣ ለጾመኛም ይሆናል። የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ቴምር፣ ዳቦም እንደዚያው። ጭኮ ግን ቅቤ አለበት፤ ስብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ በፀሐይ ሰዓት ተዉትና ሌሊት ስትራመዱ ብሉት። ቆሎ አፍ ሲደርቅ አስቸጋሪ ነው። ምንም ይሁን ምን፣ በልምምድ ላይ ያልበላችሁትን በዕለቱ አትሞክሩ።

ጣት ሲያብጥ፣ ራስ ሲያም፣ ንግግር ሲዘባረቅ

ከሁሉም በላይ እንድታስታውሱልኝ የምፈልገው ይሄን ነው፤ ሰው ይገድላልና። ቀለበት አልወጣ ይላል፣ የሰዓት ማሰሪያ ይጠብቃል። የጣት እብጠት ብቻውን ብዙ ሯጭ ላይ የሚታይና የሚያልፍ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ሲጨመሩበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አጃቢዎች ያዩና "ውሃ ጠምቶት ነው፣ ስጡት" ይላሉ። አንዳንዴ እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሯጩ ከጥማቱ በላይ ጠጥቶ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ቀጥኗል። ተጨማሪ ውሃ ሁኔታውን ያባብሰዋል።

እንዴት ይለያል? ውሃ ያነሰው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ጥቂትና የጠቆረ ነው፣ ክብደቱ ቀንሷል። ውሃ የበዛበት ሰው ለሰዓታት ያለማቋረጥ ሲጠጣ የቆየ ነው፣ ክብደቱም ሲነሳ ከነበረው አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በየማረፊያው ትንሽ ሚዛን ማስቀመጥ የሚጠቅመው።

ለመጀመሪያው ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለሁለተኛው ውሃ ማቆም፣ ጨው የበዛበት ነገር ትንሽ ትንሽ መስጠት፣ ሽንት እስኪመጣ መጠበቅ። ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ካንቀጠቀጠው ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። እዚያም ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት "ሲሮጥ ብዙ ውሃ ጠጥቷል" ብላችሁ ተናገሩ። ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ትቀይራለች። ለመከላከል ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይጠማችሁ አትጠጡ።

ቁልቁለት ላይ ጭን ሲከዳ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ለትንፋሽ ጥሩ ነው። የሐይቁ ዳር ግን ሜዳ ነው፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ሞን ብላንን የሚዞረው ታዋቂው ውድድር ወደ 170 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ወደ 10,000 ሜትር ዳገት አለው። የወጣችሁትን ያህል ትወርዳላችሁ። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደት የሚይዘው፤ ሥጋው የሚጎዳውም ያኔ ነው። ሜዳ ላይ ብቻ የሠለጠነ እግር ይሄን አያውቀውም።

ቤዛዊት ኮረብታ አለላችሁ። ዳገቱን ተራምዳችሁ ውጡ፣ ቁልቁለቱን ሩጡት። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ከወራት በፊት መጀመር ግን አለበት። በዕለቱ እርምጃን አሳጥሩ። ሕመሙን ለማስታገስ አይቡፕሮፌን አትዋጡ፤ ውሃ ባነሰውና በደከመ ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል። ሽንት ኮካ ከመሰለ ሩጫው እዚያው ያበቃል፤ ሐኪም ቤት ነው።

እግር ውሃ ሲቋጥር

እርጥበት፣ ሙቀትና ፍትጊያ ሲገናኙ ነው። የማቃጠል ስሜት እንደጀመረ ቁሙ፣ አሸዋውን አራግፉ፣ ካልሲ ቀይሩ፣ ፕላስተር ለጥፉ። የቋጠረው ትልቅ ከሆነ በተቃጠለ መርፌ ጠርዙን ብሱና ፈሳሹን አውጡ፣ ቆዳውን ግን አትላጡት። ብብትና ጭን ላይ ሳይላላጥ በፊት ቫዝሊን። በክረምት ዋልካው ጫማ ላይ እየተከመረ ያስቸግራል፣ የፎገራ ሜዳም ውሃ ይተኛበታል። እኔ ጥቅምት እስኪገባ እጠብቃለሁ።

ዓይን ሲከደን፣ ጉቶው ሰው ሲመስል

ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ከባዱ ጊዜ ነው። በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ጉቶው የቆመ ሰው ይመስላል፣ ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል። መንፈስ አይደለም፣ እንቅልፍ ያጣ አንጎል ነው። ቀኑን ሙሉ ቡና የጠጣ ሰው ሌሊት ቡናው ብዙም አያነቃውም፤ ስለዚህ ለጨለማው አቆዩት። አንድ ስኒ ጠጥታችሁ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ጋደም በሉ፣ ጓደኛ ይቀስቅሳችሁ። ቡናው ሥራ የሚጀምረው እናንተ ስትነሱ ነው። ከእንቅልፉ ጋር ብርድ ካንቀጠቀጣችሁም ምግብ አጓድላችኋል ማለት ነው፤ ብሉ፣ የራሰውን ልብስ ቀይሩ፣ ጋቢ ደርቡ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል።

ጨለማው ራሱ ችግር ሲሆን

የግንባር ባትሪ ቢደበዝዝ ሁለተኛ መያዝ ግድ ነው። ውሾች ከመጡ መሮጥ አቁሙ። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ምሰሉ፣ "ቤቶች!" ብላችሁ ተጣሩ። ሌሊት መብራት ይዞ የሚሮጥ ሰው ገበሬውን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ለቀበሌውና ለመንደሩ ሰው ንገሩ፣ የአካባቢውን ልጅ አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሰዓት እላፊ ካለ ወይም የፀጥታው ሁኔታ ካላማረ የሌሊቱን ክፍል ሰርዙት።

ከጣና በሚወጣው ዓባይ ዳር ጉማሬ አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ከባድ ቢሆንም ከሰው ይፈጥናል። አደጋው የሚብሰው በእሱና በውሃው መካከል ስትገቡ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መንገዳችሁን ከደንገሉ አርቁ። ካያችሁት በጎን ራቁ፣ የውሃውን አቅጣጫ ልቀቁለት።

ሩጫው ካለቀ በኋላ ትኩሳት ሲመጣ

ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርድ ብርድ ቢላችሁ፣ ቢያተኩሳችሁና መገጣጠሚያ ቢያማችሁ "ድካሙ ነው" ብላችሁ አትተኙ። ባሕር ዳርና አካባቢዋ ወባ አለ፤ ትንኟም የምትነክሰው ማታና ሌሊት እናንተ ስትሮጡ ነው። በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ። የተቃጠለ እግርን ሐይቁ ዳር መንከርም ያጓጓል፣ ነገር ግን በዳርቻው ውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች የሚተላለፍ ቢልሃርዚያ አለ። በባልዲ ንጹሕ ውሃ አስቀርባችሁ ንከሩት። የገባችሁ ካላችሁ ሐኪሙ ጣና ውስጥ መግባታችሁን ይወቅ፣ ምርመራውንም ያዝላችሁ።